ላንቺ፣ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር እንደማያምርበት አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልሽም። ስልኩን ስንቴ አንስቼ ስንቴ መልሼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አፍሬ ነው።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ የሞተ ቄስ ነው። አትሳቂ።

ባለፈው ወር ከዚህ ከጀርመን ለሥራ ፕራግ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። ከተማዋን ቭልታቫ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በወንዙ ላይ በ1357 መሠራት የጀመረ የድንጋይ ድልድይ አለ፣ የካርል ድልድይ ይባላል። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ።) ግራና ቀኙ 30 ሐውልት ተደርድሮበታል። አንደኛው ጋ ግን ሰው ተሰልፏል። ከሐውልቱ ሥር ያለውን የነሐስ ቅርጽ በየተራ ይነኩታል። ሌላው ጠቁሮ፣ እጅ የበዛበት ቦታ ብቻ እንደ ወርቅ ያበራል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ እኔም ተሰለፍኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ሰልፍ አይቶ ያልፋል እንዴ?

ቅዱስ ዮሐንስ ዘኔፖሙክ ነው። አስጎብኚዎቹ እንዲህ ያወሩልሻል። የንግሥቲቱ የነፍስ አባት ነበር። ንጉሡ ቫትስላቭ አራተኛ ሚስቱን ጠረጠረ። ቄሱን አስጠርቶ «ምን ብላ ነው የተናዘዘችው?» አለው። ቄሱ እምቢ አለ። አስፈራራው፣ እምቢ። አስቃጠለው፣ እምቢ። በመጨረሻ ማታ አሳስሮ ከድልድዩ ላይ ወንዙ ውስጥ አስወረወረው። በወደቀበት ውሃ ላይ አምስት ኮከቦች ታዩ ይላሉ። ለዚህ ነው ሐውልቱ ራሱ ዙሪያ አምስት ኮከብ ያለው። በሌላ ቦታ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርገው የሠሩትም አለ። አምስቱን ኮከብ «ታኩዪ» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር የሚያያይዙ አሉ። በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው። ትርጉሙ «ዝም አልኩ» ነው።

እዚያ ቆሜ ማን ትዝ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።

እኔን ማንም አላቃጠለኝም። ወንዝ ውስጥ እጥልሻለሁ ያለኝም የለም። ቡና ተፈላ፣ ወሬው ሞቅ አለ፣ ያንቺ ነገር አፌ ላይ መጣ፣ አወጣሁት። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት» ብዬሽ ነበር፤ እውነቴን ነው። ያቺ አንድ ሰው ደግሞ የራሷ አንድ ሰው ነበራት።

ማታ ሆቴል ገብቼ ስለ ቄሱ ሳነብ አመሸሁ። ታሪኩ ሌላ ሆኖ አረፈው። ሰውዬው ሕግ አዋቂ ነው። ጣሊያን አገር ፓዱዋ ድረስ ሄዶ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ተምሮ፣ በ1387 ዶክተር ሆኗል። ከዚያ የፕራጉ ሊቀ ጳጳስ እንደራሴ ሆነ። ንጉሡና ሊቀ ጳጳሱ ደግሞ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ንጉሡ ክላድሩቢ የሚባለውን ሀብታም ገዳም ወስዶ፣ የራሱ ሰው የሚሾምበት አዲስ ሀገረ ስብከት ሊያደርገው ያስባል። ለዚህ የአሮጌውን አበምኔት ሞት ይጠብቅ ነበር። አበምኔቱ ሲሞቱ መነኮሳቱ ቶሎ ብለው ሌላ መረጡ። ዮሐንስም ሹመቱን አጸደቀው። አለቀ። ጥፋቱ ይኼው ነው። ማርች 20 ቀን 1393 አሰቃይተው ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ሊቀ ጳጳሱ ሮም ላሉት ጳጳስ የጻፉት አቤቱታ ማሠቃየቱን ይዘረዝራል። ስለ ኑዛዜ ግን አንድም ቃል የለበትም። የንግሥቲቱ ታሪክ ብቅ ያለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

የምላሱ ነገር ደግሞ አለልሽ። በ1719 መቃብሩን ሲከፍቱ የራስ ቅሉ ውስጥ ያልበሰበሰ ነገር አገኙ። ምሥጢር ያላወጣ ምላስ ነው ተባለ። በ1729 ቅድስናው ታወጀ። ዛሬ የቅዱስ ቪቱስ ካቴድራል ውስጥ ሁለት ቶን ያህል ብር በፈሰሰበት መቃብር ተኝቷል። በ1973 ሳይንቲስቶች ያንን «ምላስ» ሲመረምሩት የደረቀ አንጎል ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ የተሸወድኩ መሰለኝ። ቼኮቹም ሁሉም አይወዱትም። በ1415 በመናፍቅነት የተቃጠለውን የቼክ ሰባኪ፣ ያን ሁስ የሚባለውን፣ ለማስረሳት ነው ያገነኑት የሚሉ አሉ። በኋላ ግን ስተኛ አሰብኩት። ሰው ምሥጢር የሚጠብቅለት ሰው ምን ያህል ቢርበው ነው ከአንድ ፊርማ ፈራሚ የሕግ ሰው ይኼን ሁሉ የሠራው? ዮሐንስን የድልድይና የጎርፍ ጠባቂ ያደረጉትም እነሱ ናቸው፣ ያውም ውሃ የበላውን ሰው። እኔ ደግሞ እንዲህ የሚራቡለትን ነገር አንቺ በነፃ ሰጥተሽኝ፣ በአንድ ስኒ ቡና ሸጥኩት።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ቶሎ ባለማለቴም ይቅርታ። መጀመሪያ አፌን መዝጋት ሲገባኝ ከፈትኩት፣ መክፈት ሲገባኝ ደግሞ ሁለት ዓመት ዘጋሁት።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። በግንቦት አዲስ አበባ እገባለሁ። ቤትሽ ልምጣ? እሺ ካልሽ ጻፊልኝ። እምቢ ካልሽም ጻፊልኝ።

ያንቺው