ቅጹ ላይ «አማርኛ» ብላችሁ ጻፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሜን ቨርጂኒያ ለምንኖር ወላጆች ሜይ የፈተና ወር ነው። ኤስኦኤል የሚባለው የስቴቱ ፈተና ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ እስከ ስምንተኛ በየዓመቱ በንባብና በሂሳብ ይሰጣል። ልጄ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነች።

በዋዜማው ማታ ሆዴን አመመኝ ብላ እራቷን ተወችው። ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለም። ትንሽ ቆይታ «እማ፣ ካላለፍኩ ክፍል እደግማለሁ?» አለችኝ። በዚህ ፈተና ብቻ ክፍል አይደገምም። ይህን ፍርሃት ከየት እንዳመጣችው ግን አውቃለሁ። ከእኔ ነው። እኔ ያደግኩት ሚኒስትሪ የወደቀ ልጅ አንገቱን ደፍቶ በሚሄድበት ሰፈር ነው። ሳምንቱን ሙሉ «ፈተና ደርሷል፣ አጥኚ» ስላት ከረምኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሌላ ምን ትረዳ?

ዛሬ የምጽፈው ግን ከዚያ በፊት ስለሠራሁት ስህተት ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄን ኪንደርጋርተን ሳስመዘግብ አንድ ቅጽ ተሰጠኝ። ልጅዎ መጀመሪያ የተማረችው ቋንቋ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ የምትነጋገሩት በምንድን ነው? እሷስ አዘውትራ የምትናገረው? ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ቀደም ብላ መክራኝ ነበር። «አማርኛ ካልሽ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች የሚሰጠው እገዛ) ያስገቡብሻል፤ በየዓመቱም ሌላ ፈተና ይጨምሩባታል። እንግሊዝኛ በይና ተገላገይ።» ለልጄ ያሰብኩ መስሎኝ ሦስቱም ላይ እንግሊዝኛ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የጻፍኩት ውሸት እንዳይሆን ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ማውራት ጀመርኩ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው። ተረት አይነገርበትም። ልጅ አይመከርበትም። እናቴ እሁድ እሁድ ከደሴ ትደውላለች። ልጄ «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች። አራት ዓመት ሙሉ ከአያቷ ጋር ያወራችው ይህችኑ ሁለት ቃል ነው።

በዚህ ዓመት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ለፈተናው ንባብ ስናጠና አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ልጁ የት ተቀምጦ ነበር የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ፖርች ምንድን ነው?» አለችኝ። እኛ የምንኖረው አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ ነው። ደጃፍ ላይ ወንበር ያለው ቤት ገብታ አታውቅም። የእንግሊዝኛውን ቃል አታውቀውም፤ በአማርኛ በረንዳ ማለት ነው ብላትም አይገባትም፤ በረንዳ የሚለውንም አላስተማርኳትም። ሁለቱም ቋንቋ ላይ ክፍተት ትቼባታለሁ።

መምህሯ ስታስረዳኝ ችግሩ ማንበቡ ላይ አይደለም አለች፤ የቃላት ሀብቷ ነው የሳሳው። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ እገዛ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ሊደርሳት ይችል ነበር። የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ እውነቱን ጻፉ። አማርኛ ስላላችሁ ብቻ ልጁ ኢኤስኤል አይገባም። መጀመሪያ አጭር ምዘና ይሰጠዋል፤ እንግሊዝኛው በቂ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እገዛ የሚያስፈልገው ከሆነ ዊዳ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይወስዳል፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ። የሚፈለገው ደረጃ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንዶች ፈተናውን ለመሸሽ እገዛው ይቅርብን ብለው ይፈርማሉ። እገዛው ይቀራል፣ ፈተናው ግን አይቀርም። ይህን የእገዛ መብት በነፃ ያገኘነው እንዳይመስለን። በ1974 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያሉ ልጆችን እንዲረዱ የወሰነው የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ቤተሰቦች ልጆቻችን የማይገባቸው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ ብለው ስለከሰሱ ነው።

ኤስኦኤልንም ልጄ አትፈተንም ብዬ አልጽፍም። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶች ውጤታቸውን በጅምላ ብቻ እንዳይናገሩ አስገድዷል። የድሃው ልጅ፣ የጥቁሩ ልጅ፣ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለው ልጅ ውጤት ለየብቻ ይወጣል። ከዚያ በፊት የእኛ ዓይነቱ ልጅ አማካዩ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ፈተናው ትምህርት ቤቱን እስከመዘነልኝ ድረስ እደግፈዋለሁ።

የማልደግፈው መብዛቱን ነው። በ2021 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ በመጸውና በብርዱ ወራት የሚሰጥ ምዘና ጨምሮበታል። ዊዳን ስትደምሩበት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ሄድፎን አድርጎ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥባቸው ቀናት ያሳዝናሉ። ይህ ደግሞ የማይነካ ነገር አይደለም። በ2014 የስቴቱ ምክር ቤት ከሦስተኛ ክፍል የሳይንስና የታሪክ ፈተናን አንስቷል። አሁንም መቀነስ ይቻላል። ወኪሎቻችን ጋ የሚደርሰው የሌላው ወላጅ ድምፅ ብቻ መሆን የለበትም። አሌክሳንድሪያን የመሰለ ከተማ ውስጥ አማርኛ በትምህርት ቤት በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቁጥራችን ትንሽ አይደለም።

ሌላው ቅር የሚለኝ ሽልማቱ ነው። በአንድ የማውቀው ትምህርት ቤት ፈተናውን ላለፉት ልጆች ብቻ ፒዛ ይገዛል። ለማለፍ አንድ ሁለት ነጥብ የጎደለው ልጅ ጓደኞቹ ሲበሉ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። እባካችሁ መምህራን፣ ይህን ተዉት። በዲቪ በቅርቡ የመጡ ልጆችም አሉበት። ለእነሱ በመጀመሪያው ዓመት የንባቡ ፈተና ሊቀር ይችላል፤ የሂሳቡ ግን ይኖራል። ብዙ አዲስ ወላጅ ይህን አያውቅም። ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱ ለስብሰባ ሲጠራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። አያሳፍርም።

ልጄ ፈተናውን ጨርሳ የመጣች ቀን ውጤቷን አልጠየቅኳትም። በረንዳ ማለት ምን እንደሆነ ጎረቤት ቤት ወስጄ አሳየኋት። በሚመጣው የትምህርት ዓመት ወንድሟ ኪንደርጋርተን ይገባል። ያው ቅጽ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል፤ ሦስቱም ላይ አማርኛ ብዬ ሞልቼዋለሁ። የእሷን ለማስተካከል ደግሞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤቱ ጋር ቀጠሮ አለኝ።

አንዲት እናት
ከሰሜን ቨርጂኒያ