ለዕቃ ቤቱ ጣሪያና ለዴንማርክኛ ጋዜጦቹ፦ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዳግመኛ እጃችንን ስንዘረጋ ከብዶናል። ግን የካቲት ላይ የጣለው በረዶ የአዳራሹን ዕቃ ቤት ጣሪያ ይዞት ወረደ። አዳራሹን ታውቁታላችሁ። እንቁጣጣሽን የምናከብርበት፣ ለቅሶ የምንቀመጥበት፣ ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩበት ነው። የአዳራሹ ባለቤቶች፣ ዴንማርካውያኑ አዛውንት፣ አንድም ቀን ኪራይ ጠይቀውን አያውቁም።

ጣሪያው የወደቀው «ዳነቪርከ» በሚባለው ጋዜጣ ጥራዞች ላይ ነው። ከ1880 እስከ 1951 እ.ኤ.አ. የዘለቀ፣ አብዛኛውን ዘመኑን እዚሁ አይዋ፣ ሴዳር ፎልስ ይታተም የነበረ የዴንማርክኛ ጋዜጣ ነው። አንባቢዎቹ በየገጠሩ የተበተኑ ገበሬዎች ነበሩ። በ1894 ቴክሳስ ላይ ዳኔቫንግ፣ በ1906 ሞንታና ላይ ዳግማር የተባሉ የዴንማርካውያን መንደሮች ሲቆረቆሩ፣ ሰፋሪ የሚጠራው በእንዲህ ያሉ ጋዜጦች ነበር።

በ1918 ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈተና መጣባቸው። የአይዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ ሳይቀር ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገርን ከለከለ። ዴንማርክ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም አልማሯቸውም። የባዕድ ቋንቋ ጋዜጦችም ከ1917 ጀምሮ ስለ ጦርነቱ የጻፉትን ተርጉመው ለፖስታ ቤት ማስገባት ነበረባቸው። ያም ሆኖ ጋዜጣው አልተዘጋም። በአማርኛ ጠይቆ በእንግሊዝኛ የሚመለስለት ወላጅ የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

የ1918ቱን ጥራዝ ያገኘነው ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ ነው። ሻጋታ እንዳይቀድመን በፕላስቲክ ጠቅልለን የአንድ ወንድማችን ሱቅ ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው። እስካሁን ከሥጋው ጎን ተኝቷል። ሌሎቹን እናቶቻችን በየገጹ መሃል ነጭ ወረቀት እያስገቡ፣ በቬንትሌተር ሲያደርቁ ሦስት ሌሊት አደሩ።

«የባለፈው ብር የት ገባ?» የሚል ሰምተናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። 14 ጥራዝ ስካን ተደርጎበታል፤ እርጥበት መምጠጫ ማሽን ተገዝቶበታል። የኮሚቴ አባል ለነዳጅ እንኳ ሳንቲም አልወሰደም። ደረሰኙ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ስላለ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታችሁ እዩት። ጣሪያውን ያኔ ያላሠራነው ባለሙያው «አንድ ክረምት ይችላል» ስላለን ነው። አመንነው።

አሁን ለጣሪያው 8,000 ዶላር ተጠይቀናል። ግማሹን ዴንማርካውያኑ ሸፍነዋል። የእኛ ድርሻ ግን ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» የሚለውን ቃል እነሱ በእኛ ፈጽመውታል። ብድር በምድር ነው።

በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት) ወይም በቼክ ላኩልን። ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በደረሳችሁ ወረቀት ላይ አለ። ማስታወሻው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ሳይጻፍበት የመጣው ገንዘብ ከዕድር መዋጮ ጋር ተቀላቅሎ ለመለየት ሳምንት ፈጅቶብናል። 20 ዶላርም ትሁን አትናቋት። ባለሙያው ቀብድ የሚፈልገው እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው። «ጣሪያ» ማለታችሁን አትርሱ፣ አደራ።

ኮሚቴው