የጂኦግራፊ ክበብ፦ ከማዕበሉ በፊት የነበረው አሸዋ

የዘንድሮውን ርዕስ የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ሀሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የባሕር ዳርቻን እንዴት ይለውጣል? ጅማ ከባሕር በጣም የራቀች ከተማ ናት፤ አብዛኞቹ አባላት ባሕር በዓይናቸው አላዩም። ጥያቄው ግን ዓመቱን ሙሉ አልለቀቀንም።

መጀመሪያ ሁሉም ዳርቻውን የሚያፈርሰው ነፋሱ ይመስለው ነበር። ዋናው አፍራሽ ውሃው ነው። ነፋሱ ባሕሩን ወደ የብስ ይገፋል፣ ውሃው ከፍ ይላል፣ ሞገዱም በዚያ ላይ ተጨምሮ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው ሀሪኬን በመታች ጊዜ በአሜሪካ፣ በሚሲሲፒ ዳርቻ ውሃው ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። ሉዊዚያና አጠገብ ያሉት የሻንደሊየር ደሴቶች ከስፋታቸው 85 በመቶ ያህሉን አጡ።

የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከማዕበል በፊትና በኋላ ዳርቻውን ከአውሮፕላን በሌዘር ይለካሉ። የሚያነጻጽሩት የውሃውን ከፍታና የአሸዋውን ጉብታ ነው። ውሃው የጉብታውን ግርጌ ከመታ ይሸረሽረዋል። ከላዩ ካለፈ አሸዋውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ጨርሶ ከዋጠው ደሴቷን ለሁለት ሊቆርጣት ይችላል። ስለዚህ ከማዕበሉ በፊት የነበረው ጉብታ ብዙ ነገር ይወስናል።

ይህን በትልቅ ትሪ ላይ አሸዋ ከምረን፣ ውሃውን በጣውላ እየገፋን አየነው። ዝቅ ያለው ክምር ቶሎ ተናደ። ሣር ከነሥሩ የተከልንበት ግን ቆየ። ልጆቹ በጣም የተደሰቱት ያን ቀን ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በሁለት የአሜሪካ ደሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢዛቤል የተባለችው ሀሪኬን ሃተራስ ደሴትን ቆረጠች፤ የነዋሪዎቹ መንገድ ስለተበጠሰ ክፍተቱ በአሸዋ ተሞላ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለችው ማዕበል ፋየር ደሴት ላይ የከፈተችው አንዱ ክፍተት ግን በተጠበቀ የዱር ቦታ ላይ ስለነበር ተተወ። በእሱ በኩል ንጹሕ የባሕር ውሃ ገባ። ግማሾቹ "ተፈጥሮን መተው ነው" አሉ፣ ግማሾቹ "ሰዎቹስ በምን ይለፉ?" ብለው ሞገቱ። እኔ ሁለቱም ውሳኔዎች ለየቦታቸው ትክክል ነበሩ እላለሁ።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጋቲ የተባለው አውሎ ነፋስ ጎረቤታችንን ሶማሊያን መትቷል።

ወንዝ ባሕር ባይሆንም፣ በፊትና በኋላ መለካትን ለመልመድ አዌቱ ዳር ካስማ ተክለናል። ከክረምቱ በኋላ የሚለኩት የሚቀጥለው ዓመት አባላት ናቸው። የድሮ የአዌቱ ዳር ፎቶ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን ደስ ይለናል፤ ኮፒ አድርገን እንመልሳለን።