ጥጃውን ከዛፉ ማራቅ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤህን አራት ዓመት ሙሉ ያለ መልስ ማስቀመጤ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። በጅጅጋ መንገድ ላይ በጆንያ ተጠቅልለው ስለ ተያዙት ሦስት የአቦሸማኔ ግልገሎች፣ ሁለቱ ጡጦ ሳይቀበሉ እጅህ ላይ እንደ ሞቱ ጽፈህልኝ ነበር። በመጨረሻም «ፍየሎቹ የተበሉበትን እረኛ ግልገሎቹን ለነጋዴ አትሽጥ ለማለት ምን አፍ አለኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የምመልስልህ ስላልነበረኝ ዝም አልሁ። ዛሬ ግን ጥቂት የምነግርህ አግኝቻለሁ።

አሁን ያለሁባት ናሚቢያ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ሁሉ ዝናብ የራቃት ናት። አብዛኞቹ አቦሸማኔዎቿ የሚኖሩት በኤቶሻ ፓርክ ውስጥ ሳይሆን በግል የከብት እርሻዎች ላይ ነው። በፓርኩ አንበሳና ጅብ ያደኑትን ይቀሟቸዋል፣ ግልገሎቻቸውንም ይገድሉባቸዋል፤ በእርሻዎቹ ላይ ግን እነዚህ አውሬዎች ቀደም ብለው ስለ ጠፉ ሜዳው ለአቦሸማኔ ተለቆለታል። ስለዚህ የአቦሸማኔው ዕድሜ ያለው ጥጃ በተበላበት ሰው እጅ ነው፤ አርቢዎቹም በወጥመድና በጠመንጃ በሺህ የሚቆጠሩትን ፈጅተዋል።

ባለፈው ወር ከዋና ከተማዋ ከዊንድሁክ ወደ ሰሜን ተጉዤ አንድ ሽማግሌ አርቢ ዘንድ አደርሁ። ማለዳ ይዘውኝ ወጥተው ግንዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ለመውጣት የሚመች አሮጌ ዛፍ አሳዩኝ። ቅርፊቱ በጥፍር ተቧጭሯል፤ ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ የደረቀ ኩስ አለ። ግንዱን ጠጋ ብዬ ባሸትተው ምንም አልሸተተኝም፤ የሽማግሌው ውሻ ግን ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። ግዛት የያዘው ወንድ አቦሸማኔ በሽንቱ ምልክት የሚተወው እዚህ ነው፤ ግዛት ያላገኙ ተንከራታች ወንዶችና ሴቶችም ወሬ ለመቃረም ወደዚሁ ይመጣሉ። እንዲህ ያሉ ዛፎች የሚበዙበት ቦታ ለአቦሸማኔዎች እንደ ገበያ ነው፤ ባለ ግዛቱ ቢገደል ሌላው ይተካል እንጂ ገበያው አይፈታም። ሽማግሌውም በወጣትነታቸው ገድለው ገድለው ያልጨረሱት ለዚህ መሆኑን የተረዱት በስተርጅና ነው።

የበርሊኑ የላይብኒዝ የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አቦሸማኔዎች አንገት ላይ ያሉበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ (ጂፒኤስ) አስረው ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ አርቢዎቹ እመጫት ላሞቻቸውን ከእነዚህ ቦታዎች ሲያርቁ የሚበሉባቸው ጥጆች ቁጥር በ86 በመቶ እንደ ቀነሰ ጽፈዋል። አቦሸማኔው ጥጆቹን ተከትሎ አልሄደም፤ ባለበት ቀርቶ የዱር እንስሳ ማደኑን ቀጠለ። ይህን ሳነብ አንተን አሰብሁ።

ለፍየል ደግሞ ሌላ መላ አለ። በኦቺዋሮንጎ አጠገብ ያለው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቱርክ የመጣ የመንጋ ጠባቂ ውሻ ለአርቢዎች ይሰጣል። ቡችላው ከፍየሎቹ ጋር በአንድ በረት ስለሚያድግ መንጋውን እንደ ወገኑ ይቆጥራል፤ አቦሸማኔም እግሩ ከተጎዳ አድኖ መብላት ስለማይችል፣ ከሚጮህ ትልቅ ውሻ ጋር ከመታገል መሸሹን ይመርጣል። ይኸው ድርጅት ከአፍሪካ ቀንድ ተሰርቀው በባሕር ወደ ዓረብ አገሮች ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ ግልገሎችን በሶማሊላንድ ያሳድጋል።

የዚህ አገር አርቢ መሬቱ በአጥር የተከለለ ነው፤ ያንተ ጎረቤቶች ግን አጥር የላቸውም፣ ከብት ማንቀሳቀስንም ከአያቶቻቸው ወርሰውታል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ምክሩ ከዚህ ይልቅ እዚያ ይቀልላል። ድርቅ መጥቶ ሣር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ሲቀር ግን «አርቀህ አሰማራ» ማለት በሰው ችግር ላይ መፍረድ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው ውሻና ጥብቅ የሌሊት በረት ብቻ ነው።

እባክህ ሽማግሌዎቹን አቦሸማኔ የሚወጣባቸው ዛፎች የት የት እንደሆኑ ጠይቅልኝ፤ ከማናችንም ይልቅ እነሱ ሳያውቁት አይቀሩም። ደግሞስ ሦስተኛው ግልገል ምን ሆነ? ይህን ልጠይቅህ ስፈራ ነው አራት ዓመት የቆየሁት።

የዘወትር ወዳጅህ