ጥሩዬ፣ ከዋሻው አፍ ላይ ጠራሁሽ

ጥሩዬ፣

እንዴት ከረምሽ? እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ?

አራት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ «እንዴት ከረምሽ» ስልሽ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ትቆጫለሽ። ሁለቱም ይገባኛል።

አባባ ማረፋቸውን የሰማሁት በሁለተኛው ቀን ነው። ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁ። ከዚያ ምን እንደምል ጠፋኝና መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ አርባቸው ደረሰ። ከአርባቸው በኋላ አፈርኩ። ሙት ዓመታቸው ካለፈ በኋላማ በምን ፊቴ? ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ውሸት ነው። ሥራው ሁሌም ብዙ ነው።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ድንጋይ ነው። ቀልዴን አይደለም።

ባለፈው ሐምሌ አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ሁለት ቀን ዕረፍት አለን፣ ደሴት እንሂድ» አለችኝ። ግላስጎ ስምንት ዓመት ስኖር ከቤትና ከሥራ ሌላ የማውቀው ነገር የለም፤ እሺ አልኳት። እስከ ኦባን በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በመርከብ ወደ ማል ደሴት ሃምሳ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ በአውቶቡስ። መንገዱ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። ከፊት ሌላ ሲመጣ አንደኛው ጥግ ይይዝና ያሳልፈዋል፤ ሲተላለፉ እጃቸውን አንስተው ሰላም ይባባላሉ። እኛ ጋ ቢሆን ጥሩንባው ብቻ ጆሮ ያደነቁር ነበር።

አስፋልቱ የሚያልቀው ፊንፎርት የምትባል ሚጢጢ መንደር ላይ ነው። ማዶ አዮና ትታያለች። በ563 እ.ኤ.አ. ኮሎምባ የተባለ መነኩሴ ከአየርላንድ ባሕር ተሻግሮ ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት። የጣና ገዳማት ትዝ አሉኝ። እኛ የምንሄደው ግን ዋሻ ወዳላት ወደ ሌላዋ ደሴት፣ ወደ ስታፋ ነበር።

በትንሽ ጀልባ ተሳፈርን። ገና ከወደቡ እንደወጣን ማዕበሉ ያነሳን ያፈርጠን ጀመር። አስመለሰኝ። ያቺ ጓደኛዬ ልታጽናናኝ ብላ፣ ሜንደልሶን የሚባለው ጀርመናዊ ሙዚቀኛም በ1829 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ ዋሻ ሲሄድ በባሕር ሕመም መከራውን አይቷል አለችኝ። እሱ ከዚያ ጉዞው ታላቅ ሙዚቃ ይዞ ተመለሰ። እኔ ይኸው ደብዳቤ።

ስታፋ ትንሽ ናት፣ 33 ሄክታር ብቻ። ሰው አይኖርባትም። ከሩቅ ሲያዩዋት በጥቋቁር ምሰሶዎች ላይ የተቀመጠ የሣር ጣሪያ ትመስላለች። ስሟም «የምሰሶ ደሴት» ማለት ነው አሉን። ስሙን ያወጡላት ከሰሜን በባሕር የመጡት ቫይኪንጎች ቤታቸውን የሚሠሩት እንጨት አቁመው ነበርና ድንጋዮቹ ያንን አስታወሷቸው። እኛ ቤት ስንሠራ ማገሩ ሳይመታ፣ ጭቃው ሳይለጠፍ፣ ቋሚዎቹ ብቻ ተተክለው እንደሚታዩት በይው።

ጥሩዬ፣ ጀልባዋ ስትጠጋ ድንጋዩን አየሁና የማውቀው ሰው ያገኘሁ መሰለኝ። መንዝ! አያትሽ ቤት በታች ያለው ገደል! ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አባባ ይዘውን ሲወርዱ፣ እኛ ባና ተከናንበን ከኋላቸው ስንንሸራተት። ያ ገደል ላይ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው የተደረደሩትን ምሰሶዎች አስታወስሻቸው? አባባ ምን ነበር ያሉን? «ይኼን የጠረቡት የጥንት ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩበት አዘጋጅተውት ሳለ ጦርነት መጣና ጥለውት ሄዱ።» «ማን ይሸከመዋል?» አልኳቸው። «የዚያን ጊዜ ሰው እንደናንተ መስሎሻል?» አሉኝ።

እዚህም ተረቱ ያው ነው። ፊን የሚባል ግዙፍ ጀግና ከአየርላንድ ወደ ስኮትላንድ መሻገሪያ ሲሠራ የደረደረው ነው ይላሉ። ዋሻውንም የፊንጋል ዋሻ ይሉታል። አባባ ቢሰሙ «አልኳችሁም!» ይሉ ነበር።

ነገሩ የእሳት ሥራ ነው። የስታፋ ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል፤ የኛ ሰሜን ደጋ 30 ሚሊዮን ገደማ። ቅልጥ ዐለት ይፈስና ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ዋልካ መሬት በበጋ ሲደርቅ እንደሚሆነው ማለት ነው። ዐለቱ ላይ ግን ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ስንጥቁም እግር በእግር ይከተለዋል። ስለዚህ ምሰሶ ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን አላቸው። አምስትም ሰባትም ያላቸው አሉ፤ ቆጥሬያለሁ።

ወደ ዋሻው የሚኬደው የተሰበሩትን ምሰሶዎች አናት እየረገጡ ነው፤ በገደሉ በኩል የሚያዝ ገመድ አለ። የአንዳንዱ አናት እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጎድጎድ ያለ ነው። አንዱ ላይ የባሕር ውሃ ታቁሮ፣ ውስጡ ጥፍር የማታህል ቀንድ አውጣ ተለጥፋለች። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው።

ደሴቷ ላይ የሚሰጡሽ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌሎቹ ፓፊን የምትባለውን ወፍ ሊያዩ ወደ ላይ ሮጡ። መንቆሯ በቀይና በብርቱካን ቀለም የተኳለች፣ አረማመዷ የሚያስቅ፣ ሰው የማትፈራ ወፍ ናት አሉ። እኔ አላየኋትም። እዚያው ዋሻው አፍ ላይ ቀረሁ።

ጣሪያው ወደ 20 ሜትር ከፍ ይላል፤ ወደ ውስጥ 70 ሜትር ያህል ይዘልቃል። ወለሉ ባሕር ነው። ግራና ቀኙ ምሰሶ ብቻ፣ አናቱ ደግሞ የተቆረጡ ምሰሶዎች ሥር። ማዕበሉ ሲገባ ድምፅ የለውም። ትጠብቂያለሽ። የጠፋ ይመስልሻል። ከዚያ ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ድም! አየሩ ጫፍ ላይ ታፍኖ ነው። የጥምቀት ዋዜማ ከሩቅ የሚሰማውን ከበሮ አስቢ። አገሬዎቹ በራሳቸው ቋንቋ፣ በጌሊክ፣ «ባለ ዜማው ዋሻ» ይሉታል። ልክ ናቸው።

መንዝ ገደሉ ሥር ቆመን እየተፈራረቅን ስማችንን ስንጮህ ትዝ አለኝ። ገደሉ ሲመልስልን እንስቅ ነበር። አፌ አመለጠኝና «ጥሩዬ!» ብዬ ጮህኩ። ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ። ዋሻው አልመለሰልኝም፤ ማዕበል መጥቶ ዋጠው።

ጓደኛዬ ወርዳ ስትፈልገኝ እንባዬን እየጠረግሁ አገኘችኝ። የጠራሁትን ከላይ ሰምታው ኖሯል። ቀስ ብላ «የሞተች ናት?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ኧረ የለም፣ አለች። እኔ ነኝ የጠፋሁት» አልኳት። አባባን ያለቀስኳቸው ያኔ ነው፣ ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ፣ የሰው አገር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። እግዜር ያጥናሽ ጥሩዬ። በጊዜው መባል ነበረበት።

ይኼው ከሐምሌ ወዲህም ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይኼኛውን ሳላነበው ነው የምልከው።

የዋሻውን ድምፅ በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ነፋሱ ትንሽ አበላሽቶታል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ፤ ያኔ አሰማሻለሁ። ካላነሳሽ ሰኞም እደውላለሁ። ለእማማ ግን ከኔ በፊት አንቺ ንገሪልኝ፤ ድንገት ድምፄን ሰምተው እንዳይደነግጡ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ ከምሰሶዎቹ ለየልጁ አንዳንድ ሰጥተውን ነበር አይደል? ያንቺ ወደ ግራ ያጋደለው ነው፤ እሱን አልረሳሁም። የኔ የትኛው ነበር?

ያንቺዋ መሲ
ግላስጎ