ናኖ ብርም ቢሆን ይለመዳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አንቲባዮቲክ የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በናኖ ቅንጣቶች ስለመዋጋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ፣ ጉዳዩ በአማርኛ መቅረቡ አስደስቶኛል። ዕድሜዬን በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ያሳለፍኩ በመሆኔ ግን፣ የብር ማዕድን ቅንጣቶችን ባክቴሪያ ፈጽሞ ሊላመዳቸው እንደማይችል አድርጎ ማቅረቡ እርማት የሚያሻው መሰለኝ።

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ብር እዚህ መጠን ድረስ ሲደቅ ለውጭ የሚጋለጠው ገጹ እጅግ ስለሚሰፋ አዮኖቹን (ኤሌክትሪካዊ ሙላት ያላቸውን አተሞቹን) በቀላሉ ይለቃል፤ እነዚህም የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳሉ፣ ከፕሮቲኖቹ ጋር እየተጣበቁም ሥራቸውን ያውካሉ። በብዙ አቅጣጫ የሚያጠቃን ነገር መላመድ፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚመታን መድኃኒት ከመላመድ ይከብዳል፤ ይከብዳል እንጂ አይቻልም አይባልም። የቃጠሎ ቁስል በብር ናይትሬት ይታከም በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ብርን የተቋቋመ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በአንድ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል መገኘቱ ተዘግቧል። በዚያ ላይ የብር አዮን መጠኑ ሲበዛ የእኛንም ሕዋስ ስለማይምር፣ ናኖ ብር እስካሁን በአብዛኛው የሚሠራበት በቁስል መሸፈኛና በካቴተር (ወደ ሰውነት በሚገባ ቀጭን የሕክምና ቱቦ) ላይ እንጂ በሚዋጥ ወይም በሚወጋ መድኃኒትነት አይደለም።

መላመድን እኔ በዓይኔ የማውቀው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። ባክቴሪያው በተቀባበት ሳህን ላይ በመድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩና ያድራል፤ ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ፣ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ የጠራ ቀለበት ይታያል። በኋለኞቹ ዓመታት ሴፍትሪያክሶን በተባለው አንቲባዮቲክ በተነከረው ወረቀት ዙሪያ ቀለበት ያጣሁባቸው፣ ክሌብሴላ የተባለው ባክቴሪያ እንደ ጉም እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የበቀለባቸው ጠዋቶች ብዙ ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ በአንድ መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበረው ወጣት ያለ ማዘዣ «አሞክሲሲሊን አራት ፍሬ» አለ፤ ባለሙያዋም ምን እንዳመመው እንኳ ሳትጠይቅ ከእሽጉ በመቀስ ቆርጣ ሰጠችው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ የተገመተው እንዲህ ባለው ልማድ ብቻ ነው ባልልም፣ ድርሻው ግን ቀላል አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ስለ ካልቸር ምርመራ፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከላይ እንዳልኩት በሳህን አብቅሎ የሚሠራበትን መድኃኒት ስለሚለየው ምርመራ፣ እንድትጽፉልን እጠይቃለሁ፤ በከተማችን የት የት እንደሚሠራ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ውጤቱ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅበት ምክንያትና ሐኪሙም እስከዚያ በምን ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት እንደሚያዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ