ጩኸቱም ሠሪ አለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ብቻውን የሚሠራ አንድ የኢንዱስትሪያል ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ (የፋብሪካ፣ የብረትና የማሽን ድምፅ የሚመስል ሻካራ ሙዚቃ) ባለሙያ ስላቀረበው ዝግጅት በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን ሂስ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከአዳራሹ የወጡት ጆሯቸውን ይዘው እንደ ነበር፣ የሰሙትም ማሽን ያወጣው፣ ሰው የሌለበት፣ ሙያ የማይጠይቅ ጩኸት እንደ ሆነ ገልጸዋል። ጆሯቸውን መያዛቸውን አልነቅፍም፤ በዚህስ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ብዕር ያስነሣኝ «ሙያ የማይጠይቅ» የሚለው አነጋገር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በድምፅ ባለሙያነት ከሚክሰር (ከድምፅ መቀላቀያ) ኋላ ተቀምጫለሁ፤ ይህን ዓይነት ሙዚቃ የሚሠሩ ሰዎችም ጥቂት ጊዜ ገጥመውኛልና በሥራ ላይ ያየሁትን ልመስክር።

ከእነዚህ አንዷ ያመጣችው ዕቃ አንድ ጠረጴዛ እንኳ አይሞላም ነበር፦ አነስተኛ ሚክሰር፣ አራት የጊታር ፔዳሎች (የድምፅን ጠባይ የሚለውጡ ትንንሽ መሣሪያዎች)፣ አንድ ማይክራፎን፣ ከጀርባው ንዝረት የሚቀበል ትንሽ ማይክራፎን የተለጠፈበት ቁራጭ ላሜራ። ኪቦርድ የለም፤ ቀድሞ የተቀዳ ነገርም የለም። ከሰዓት በኋላ ያደረገችው የድምፅ ፍተሻ በአብዛኛው የእግር መንገድ ነበር። ማይክራፎኑን ይዛ ወደ ስፒከሩ ትጠጋለች፣ ትርቃለች፣ ጎንበስ ትላለች፤ አዳራሹ የሚያፏጭበትን ቦታ ስታገኝ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ታደርጋለች። እኛ የድምፅ ሠራተኞች ዕድሜያችንን ሙሉ ስንሸሸው የኖርነውን ፊድባክ እሷ እየፈለገች ትለቅመው ነበር።

ፊድባክ ማለት ማይክራፎን የተቀበለው ድምፅ በስፒከር ወጥቶ፣ ተመልሶ እዚያው ማይክራፎን ውስጥ ገብቶ፣ እንደገና ጎልቶ እየወጣ ያለ ማቋረጥ ሲሽከረከር የሚፈጠር ጩኸት ነው። የጩኸቱን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስኑት በማይክራፎኑና በስፒከሩ መካከል ያለው ርቀት፣ የአዳራሹ ቅርፅና የግድግዳው ጠባይ ስለሆኑ፣ አንድ እርምጃ መጠጋት ብቻውን ድምፁን ወደ ሌላ ከፍታ ሊያዘልለው ይችላል። ባለሙያዋ ትጫወት የነበረው አዳራሹን ራሱን ነበር። ማታ ሕዝቡ ሲገባ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ የሰው ሰውነትና ልብስ ድምፅን፣ በተለይም ቀጭኑን፣ ስለሚመጥጥ በቀን ካደረገቻቸው ምልክቶች ብዙዎቹ አልሠሩላትም፣ ሰው ሁሉ እያያትም በጆሮዋ ብቻ እየተመራች አዳዲስ ቦታዎችን መፈለግ ነበረባት። በአንድ ወቅት ድምፁ ከእጇ ሊያመልጥ ነው ብዬ ጣቴን ወደ ሚክሰሩ ሰድጄ ነበር። እሷ ግን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ፈቀቅ ብላ ጩኸቱን እንደ ክር እያቀጠነች አወረደችው፣ ከዚያም ቀጥ አደረገችው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ፔዳሎቹም የራሳቸው ዕውቀት አላቸው። የኤሌክትሪክ ምልክት መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ የሞገዱ አናትና ግርጌ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሁለቱም ወገን እኩል ከተቆረጠ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ፣ የንዝረት ፍጥነታቸው የእሱ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እጥፍ የሆነ ድምፆች ይወለዳሉ። ሁለት ድምፆች አብረው ከተገፉ ደግሞ ፍጥነታቸው እየተደመረና እየተቀናነሰ የሚገኝ አዲስ ድምፅም ይሰማል። አንዱ ፔዳል የወለደውን ሌላው ተቀብሎ እንደገና ሲያባዛው፣ አንዲት ቀጭን ፉጨት ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ፏፏቴ ትመስላለች። ሁሉንም ቁልፍ እስከ መጨረሻ ያዞረ ሰው የሚያገኘው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ የድምፅ ግድግዳ ነው፤ የትኛው ፔዳል እንደሚቀድምና የትኛው ጥቂት ብቻ እንደሚከፈት ያወቀ ግን በዚያው ግድግዳ ውስጥ በርና መስኮት ያወጣል። ግድግዳውን ብቻ ሠርተው የሚሄዱ መኖራቸውን አልክድም። ብዙ ናቸው፣ እኔንም አሰልችተውኛል፤ ሃያሲው ያዩት ከእነሱ አንዱን ከሆነ ፍርዳቸው በሰውዬው ላይ ትክክል ይሆናል፣ በዘርፉ ላይ ግን አይሆንም።

ጸሐፊው ይህ ሙዚቃ የኮምፒውተር ዘመን የወለደው ስንፍና እንደ ሆነም ጠቁመዋል። ዘመኑ አይገጥምም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሩሶሎ የፋብሪካና የሞተር ድምፅ ወደ ሙዚቃ መግባት አለበት ብሎ የተከራከረው እ.ኤ.አ. በ1913 ሲሆን (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ያ ታዋቂ ጽሑፍ፣ እንደዚህ እንደ እኔው፣ ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ በተላከ ደብዳቤ መልክ የተጻፈ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እጀታቸው ሲዞር የሚያጉረመርሙና የሚያፏጩ ሣጥኖቹን ሚላኖ ላይ ለሕዝብ ሲያቀርብ አዳራሹ ውስጥ ድብድብ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብህ ካይሮ ውስጥ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ፤ ከቀዳውም ላይ ድምፁን እየቀነሰና እያስተጋባ ከምንጩ የራቀ ሥራ አወጣበት። ይህም ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ከባቡር ድምፅ የሠራውን ሥራ በሬዲዮ ካሰማበት ከ1948 አራት ዓመት ይቀድማል። (ኤል ዳብህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማሩን እግረ መንገዴን ባነሣ ጸሐፊው እንደሚቀበሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።) «ኢንዱስትሪያል» የሚለው ስም የተስፋፋው በ1975 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ትሮቢንግ ግሪስል የተባለው ቡድን በማግሥቱ ዓመት ላቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ይህንኑ ስም ከሰጠው በኋላ ነው፤ ስሙም ሙዚቃን እንደ ፋብሪካ ዕቃ በሚያመርተው ንግድ ላይ ያነጣጠረ ምፀት ነበረበት።

ብቸኛ ሠሪው ወደ መድረክ የመጣውም ከዚህ ብዙም ሳይቆይ ነው። ካሴት መቅጃ በየቤቱ ሲገባ ስቱዲዮና አሳታሚ የማይፈልግ ሰው ሥራውን በራሱ ክፍል ቀድቶ፣ ራሱ አባዝቶ፣ በፖስታ መላክ ቻለ። ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ ከ1979 ጀምሮ መርዝባው በሚል ስም ሲሠራ በዚሁ መንገድ ተነሥቶ፣ በ2000 ሥራዎቹ በሃምሳ ሲዲ ተጠርዘው እስኪወጡ ድረስ ደርሷል። ስሙን የወሰደው ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ ከውዳቂ ዕቃ እያሰባሰበ ቤቱን ካሳደገበት፣ በ1943 በቦምብ ከወደመው «መርዝባው» ከተባለው ሥራ ነው። ወላቃ ሽቦና የተሰበረ ብረት የሚያነሣ ሙዚቀኛ ይህን ስም መምረጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰው የሌለበት ሙዚቃ ነው ለሚለው ደግሞ አሜሪካዊቷን ማርጋሬት ቻርዲየትን መጥቀስ ይበቃኛል። ፋርማኮን በሚል ስም ብቻዋን የምትሠራው ይህች ባለሙያ በ2014 ያወጣችው አልበም ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ካደረገችና አንድ የሰውነት ክፍሏን ካጣች በኋላ የተሠራ ነው። በውስጡ የሚሰማው የተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ሳልና እሪታ የራሷ ነው፤ ማሽኑ የሰውነቷን ድምፅ የሚያጎላ እንጂ የሚተካ አልሆነም። ይህን ሰምቶ «አልወደድሁትም» ማለት የማንም መብት ነው፤ ሰው አልሰማሁበትም ለማለት ግን ጆሮን መዝጋት ይጠይቃል።

ሂሱ ያላነሣውን፣ ማንሣት የነበረበትን ላንሣ። በዚህ ዘርፍ፣ በተለይ በ1980ዎቹ፣ አንዳንዶች የነፍሰ ገዳዮችን ታሪክና የናዚ ምልክቶችን አድማጭን ለማስደንገጫ ብቻ ተጠቅመውባቸዋል፤ ማስደንገጥን ከማሰብ ጋር ያምታቱ ይመስለኛል፣ እስከ ዛሬም ይቅርታ የማላደርግበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ጆሮው ልመለስ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ሠራተኛ በቀን ለስምንት ሰዓት ሊጋለጥበት ይችላል የሚለው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ የመዝናኛ ቦታዎች በማንኛውም 15 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፉ፣ የጆሮ መከላከያ እንዲያቀርቡና ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ክፍል እንዲያዘጋጁ መክሯል። ጸሐፊው እንዳሉት ከሆነ በተገኙበት ዝግጅት በር ላይ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ይህ የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው። እኔም ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም፤ ከላይ ባነሣሁት ምሽት መለኪያው ፊቴ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን እያየሁ ለማንም አልተናገርሁም። ደግሞም ሙዚቃውን መጉዳት አያስፈልግም ነበር፤ የብረትና የፉጨት ድምፅ ሻካራነቱ ከጠባዩ የሚመጣ ስለሆነ በ95 ዴሲቤልም ሻካራ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለዝግጅት ክፍሉ አለኝ። ሩሶሎ ድምፆችን በስድስት ቤተሰብ ሲከፍል ለእያንዳንዱ ቃል መደርደር ነበረበት። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልደከመ ነበር፤ ነጎድጓድና ጉርምርምታ፣ ፉጨትና ሹክሹክታ፣ ሲጥሲጥታና ኳኳታ፣ እሪታ፣ ዋይታ፣ ሲቃና ጣር ሁሉም በእጃችን አሉ። ይህን ሁሉ የያዘ ቋንቋ እያለ የአንድ ሰዓት ሥራ «ጩኸት» በሚል አንድ ቃል መታለፉ አሳዝኖኛል። ወደፊት እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲዘገብ ምን ዓይነት ድምፅ ከምን እንደ ወጣ፣ የቱ ቀርቦ የቱ እንደ ራቀ፣ መቼ ቀጥ እንዳለ ቢጻፍልን፣ አንባቢው ይወደው ወይም ይተወው እንደ ሆነ ራሱ ይወስናል። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ በቀጣዩ ዝግጅት ከሚክሰሩ አጠገብ ወንበር ላስቀምጥላቸው ዝግጁ ነኝ፤ የጆሮ መሰኪያም ይዤላቸው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የድምፅ ባለሙያ የሆንሁ አንባቢያችሁ